ጋሽ ደሳለኝና የማስጠንቀቂያዎቹ ወረፋ

መርዶው የደረሰኝ ዳንግላ፣ ጋሪ ላይ ተቀምጬ ነው። ጭኔ ላይ ከባሕር ዳር በሚኒባስ የተላከልን የሙቀት መለኪያ ካርቶን፣ ከጎኔ ድንች የጫነች ሴትዮ። ስልኬ ጠራ። የጋሽ ደሳለኝ ልጅ ናት።

"ትዕግሥት፣ አባባ ዐረፈ" አለችኝ።

"ውሸት!" አልኳት። ሰው ለመርዶ እንዲህ አይመልስም፤ እኔ መለስኩ። "ትናንት ማታ እኮ መለኪያው ካልደረሰ ብለው በስልክ ሲጨቃጨቁኝ ነበር!"

ለሕክምና ባሕር ዳር ከሄዱ ሳምንታቸው ነበር። ልጅቷ አለቀሰች። ጋሪ ነጂው ፈረሱን ያዝ አድርጎ "ምነው እህቴ?" አለኝ።

"ንዳው" አልኩት።

"ወዴት?"

"ወደ መናኸሪያ። እንጅባራ መግባት አለብኝ።"

ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ነበር ይባላል። ጋሽ ደሳለኝን ደግ ነበሩ ብዬ ብቻ ባልፍ እሳቸው ራሳቸው ይናደዱብኛል። ነዝናዛ ነበሩ። የአንዲት መስመር ነገር ግማሽ ቀን ያቆሙባታል። ሻይ ቤት ገብተው አስተናጋጁ "ትንሽ ይጠብቁ" ካለ "ትንሽ ስንት ደቂቃ ናት?" ብለው ይጠይቃሉ። ሁለት መነጽር ነበራቸው፤ አንዱ አፍንጫቸው ላይ፣ ሌላው ግንባራቸው ላይ፣ እሳቸው ደግሞ "መነጽሬን አይተሻል?" እያሉ ጠረጴዛ ሥር።

እንጅባራ ውስጥ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ በምትገኝ ክፍል የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ይሠሩ ነበር። ሣጥኑ ከእንጨት፣ ሙቀቱ ከአምፖል ነው፤ አምፖሉ መቼ ይብራ፣ መቼ ይጥፋ የምትወስነው ግን ከመዳፍ የምታንስ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ናት። እሷ ላይ የሚጫነውን ፕሮግራም ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ተወልደው ያደጉት ወለጋ ነው፤ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ዳንግላ ሬዲዮ ሲጠግኑ። ሲን የተማሩት ሃምሳ ካለፋቸው በኋላ፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ የጸሎት ቤታቸውን ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ የሚያስተካክሉት እሳቸው ነበሩ፤ እዚያ "ወንድም ደሳለኝ" ይሏቸዋል፣ እኔ ጋሽ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። አንድ ሱቅና አንድ ካፌ ተቀጥሬ ከሁለቱም ተጣልቼ ወጥቻለሁ። በሦስተኛው እሳቸው በር ላይ ቆምኩ።

"ምን ትችያለሽ?" አሉኝ።

"መተየብ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ አልችልም። ግን ቶሎ ነው የምይዘው።"

"ስምሽ ማነው?"

"ትዕግሥት።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እግሬ ወለሉን ይደበድብ ነበር። "ስሙን ያወጣልሽ ሰው ገና ሳያይሽ መሆን አለበት" አሉና ወንበር ሳቡልኝ።

መተየብ ብዬ የገባሁ ሰው ፕሮግራም መጻፍ ለመድኩ። ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩኝ ፈተናዎቹን ነው። ፈተና የምንላቸው ትናንሽ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ትልቁን ፕሮግራም ማሽን ላይ ሳንጭን ኮምፒውተር ላይ ይጠይቁታል። ውጭው አሥር ዲግሪ ቢሆን አምፖሉን ስንት ደቂቃ ታበራለህ? ሠላሳ ቢሆንስ? በትክክል ከመለሰ "አለፈ" የሚል ቃል ይወጣል። ጋሽ ደሳለኝ ፈተናዎቹን ከማስነሳታቸው በፊት የክር ባርኔጣቸውን ያወልቁ ነበር። መጀመሪያ ቀን ሳቅሁ።

"ምን ያስቅሻል? ልንፈተን ነው እኮ። ባርኔጣ አድርጎ የሚፈተን ሰው የት አየሽ?"

አንድ ቀን አሮጌው ኮምፒውተር ጨሰና ቀረ። ሌላ ገዙ፣ ላፕቶፕ። አዲሱ ላይ ኮምፓይለሩም አዲስ ነበር፤ ኮምፓይለር ማለት እኛ የጻፍነውን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚለውጥልን ፕሮግራም ነው። ያው ትናንት ጭጭ ብለው ያልፉ የነበሩ ፈተናዎች ናቸው፤ አንዲት ፊደል አልነካንም። ግን ባርኔጣው ወልቆ ፈተናዎቹ ሲነሱ ስክሪኑ በማስጠንቀቂያ ተሞላ። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያልቅም። ከሥሩ ደግሞ ሁሉም "አለፈ" ይላል።

"ጋሽ፣ ሁሉም አልፏል እኮ። ይሄ ዝም ብሎ ነው የሚለፈልፈው" አልኩ።

"ማነው የሚለፈልፈው? እሱ ነው ወይስ አንቺ?"

"ዝም የሚያሰኘው ትእዛዝ አለ። አንዲት ቃል ናት፣ አሁን ላስገባት?"

እጄን ከኪቦርዱ ላይ በእስክሪብቷቸው ጫፍ ገፉት። "ስሚ፣ ስህተት ሲሆን ያስቆምሻል፣ አሻፈረኝ ይላል። ማስጠንቀቂያ ግን አምኖሽ ነው። ትልቅ ሰው ናት ብሎ ነግሮሽ ያልፋል። አምኖ የነገረሽን ሰው አፉን ልታፍኚው ነው?"

ከዚያ በኋላ የመጡትን ሳምንታት ነው ዛሬ የምናፍቀው። እያንዳንዱን ማስጠንቀቂያ እንደ ባለጉዳይ እንስማው አሉ። "በየቢሮው ደጅ ቆመን የኖርን ሰዎች ነን" አሉኝ። "ነገ ተመለስ የተባልኩበት ቀን ቢደመር ሌላ ዕድሜ ይወጣዋል። እዚህ ቤት ግን ባለጉዳይ ሳይሰማ አይመለስም።" አንድ ወንበር ከጠረጴዛቸው ፊት አስቀመጡ። እኔ ባለጉዳይ ሆኜ እቀመጥበታለሁ፤ እንግሊዝኛውን አንብቤ በባለጉዳዩ አፍ እናገራለሁ።

"ቀጣይ!" ይላሉ።

"ጌታዬ፣ እኔ ቆጣሪ እባላለሁ። ፈጥራችሁኝ ሥራ አልሰጣችሁኝም።"

"እውነቷን ነው። ወይ ሥራ ይሰጣት ወይ ትሰናበት። ቀጣይ!"

"እኔ ደግሞ ቁጥር ነኝ ብዬ ተመዝግቤ ፊደል አሸክማችሁኛል።"

"ይስተካከልለት። ቀጣይ!"

አንድ ቀን ተራው የደረሰው ባለጉዳይ "እኔ ራሴ ፈተና ነኝ" አለ፣ ማለት እኔ አልኩ። "ጽፋችሁኛል፣ ግን አንድም ቀን ማንም ጠርቶኝ አያውቅም።" ጋሽ ደሳለኝ ግንባራቸውን ሲመቱ እዚያ ላይ የነበረው መነጽር ወደቀ። እርጥበት የሚያየው ፈተና ነበር። በየጊዜው አልፏል እያልን የምንኮራበት፣ ለካ አንዴም ተነሥቶ አያውቅም።

"ይቺን ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ አቁመናታል!" አሉ። ቀኑን ሙሉ አዘኑ። እኔ ሳቄ መጣብኝ፣ እሳቸውም ቆይተው ሳቁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ልጅ ግድግዳውን እየደበደበች "ኧረ አታሳብዱኝ!" ትለን ነበር።

የሚታለፍ ማስጠንቀቂያም ነበር። ግን ደንብ አወጡለት። ለምን እንደታለፈ ከጎኑ ይጻፋል፤ ያሳለፈው ሰው ስምም ይጻፋል። ምክንያትና ስም የሌለው ማለፊያ የለም። ከዚያች ክፍል ይዤው የወጣሁት ትምህርት ቢኖር ይኸው ነው፣ የተማርኩትም ደንቡን በማፍረስ ነው።

እትዬ ስመኝ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያሉ ስምንት ሴቶች የዶሮ እርባታ ማኅበር ሲያቋቁሙ ሰብሳቢያቸው አደረጓቸው። ማሽን አዝዘው ይጠብቃሉ። ከዚያ በፊት የሸጥናቸው ሁሉ ወደ ዳንግላና ከዚያ በታች ነበር የሄዱት፤ ወደ ብርዱ አገር የሚወጣ የመጀመሪያው የእሳቸው ነው። በየሁለት ቀኑ ይመጣሉ።

"እንቁላል እኮ ነው ጋሽ ደሳለኝ፣ ድንጋይ አይደለም! ከሳምንት በላይ ከቆየ ለመጥበሻ እንጂ ለጫጩት አይሆንም።"

"ሃያ ባለጉዳይ ነው የቀረኝ እትዬ።"

"ከኔ የባሰ ባለጉዳይ የት አለ?" ብለው ወንበሬ ላይ ይቀመጡበታል።

በዚያው መሀል ጋሽ ደሳለኝ እህታቸው ታመው ለስድስት ቀን ወለጋ ሄዱ። ሲወጡ "የቀሩትን ስሚያቸው" አሉኝ። "የገባሽን አስተካክይ። ያልገባሽን ተይው፣ ስመጣ አብረን እንሰማዋለን።"

ዘጠኙን በደንብ ሰማኋቸው። በሁለተኛው ቀን፣ አሥረኛው ላይ ስደርስ፣ እትዬ ስመኝ ባጃጅ ይዘው መጡ። እንቁላሉ ስድስት ቀን ሞልቶታል። ባለባጃጁ ጡሩምባ ይነፋል፤ እኔ ደግሞ ሰው ሲጠብቀኝ ቆዳዬን ይበላኛል። ከቀሩት ከአሥራ አንዱ መካከል አንደኛው እንዲህ ይላል፤ ከዜሮ በታች ሁለት ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ተለውጧል። አልገባኝም። ፈተናው ግን አልፏል። ከቁጥሩ ፊት አንዲት ቃል በቅንፍ ከጻፍክ ኮምፓይለሩ ዝም ይላል፤ "የማደርገውን ዐውቃለሁ፣ ተወኝ" እንደማለት ነው። አሥራ አንዱም ላይ ጻፍኩት። ምክንያት የለ፣ ስም የለ። ስክሪኑ ጸዳ። ፕሮግራሙን ሰሌዳዋ ላይ ጭኜ ማሽኑን ባጃጅ ላይ አወጣሁት።

"ጋሽ ደሳለኝ አይተውታል አይደል?" አሉ እትዬ ስመኝ።

"አዎ፣ አይተውታል" አልኩ።

ጋሽ በስድስተኛው ቀን ተመለሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ፈተናዎቹን አስነሱ። አንድም ማስጠንቀቂያ የለ። ባርኔጣውን መልሰው አላጠለቁም።

"አሥራ አንዱ የት ሄዱ?"

"ተሰሙ።"

"ምን አሉ?"

ጋሽ ፋይሉን ከፈቱና በእስክሪብቶ ጫፍ መስመር በመስመር ወረዱ። ያቺ ከዜሮ በታች ሁለት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መነጽር ቀየሩ። የሆነው ነገር ቀላል ነው። የውጭው ብርድ የሚቀመጥበት ቦታ ከዜሮ በታች የሚባል ነገር የማያውቅ ተደርጎ ነው የተጻፈው፤ ስለዚህ ውርጭ ሲሆን ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ዲግሪ ሙቀት መስሎት አምፖሉን ያጠፋል። ፈተናው ደግሞ የተጻፈው በዚያው በተሳሳተው ልክ ስለሆነ ሁለት መቶ ሃምሳ አራትን ከሁለት መቶ ሃምሳ አራት ጋር አስተያይቶ "አለፈ" ይላል። የተናገረው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነበር።

"ዳንግላ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት" አሉ ቀስ ብለው። "ያቺን ቁጥር ለወጉ ነው ያስገባኋት፤ ውርጭ ከልብ አላሰብኩም። ማሽኑስ?"

"ሄደ።"

"ወዴት?"

"ዘንገና።"

ወሩ ታኅሣሥ ነው። በዚያ ሰሞን ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነጭ ነው። ላፕቶፑን ብብታቸው ውስጥ ከተው ባርኔጣቸውን ጠረጴዛ ላይ ትተው ወጡ። ተከተልኳቸው። ባጃጅ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

"ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የራሴን እናገራለሁ። አንቺም የምትናገሪው ካለሽ አፍ አለሽ።"

ከአስፋልቱ ወርደን በእግር ሄድን። ሴቶቹ እትዬ ስመኝ ግቢ ተሰብስበው ነበር። "ሌላው ሁሉ ደህና ነው" አሉን እትዬ ስመኝ እየሳቁ። "ጎህ ሲቀድ ብቻ ይጠፋል፣ ፀሐይ ስትሞቅ ራሱ ይበራል። ዕረፍት የሚወስድ መስሎን ነው።"

ጋሽ ደሳለኝ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አንሥተው በስልክ መብራት አዩአቸው። በሕይወት ያለው ውስጥ እንደ ቀይ ክር ያለ የደም ሥር ይታያል። ከግማሽ በላዩ ውስጥ ምንም አልነበረም። ከዚያ ተነሥተው ቆሙ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "ብርዳችሁን ሳላውቅ ነው የጻፍኩት። ቁጥር አሳስቼ ነው።"

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው በአገሩ ቋንቋ፣ በአውንጊ፣ ማውራት ጀመሩ። ጋሽ ደሳለኝ አውንጊ አይሰሙም። እናቴ ግምጃ ቤት ከሚባለው ከተማ ገጠር የመጣች የአውንጊ ተናጋሪ ናት፣ እኔ አንዲት ቃል አታመልጠኝም። "ሁለት መነጽር አድርጎ አንድ ቁጥር የማያይ ሽማግሌ" አለች አንዷ። "የገጠር ሴቶች ናቸው፣ ምን ያውቃሉ ብሎ ነው የተጫወተብን" አለች ሌላዋ። እትዬ ስመኝ ራሳቸው "እንዲህ ያረጀ ሰው ቤቱ አይቀመጥም?" አሉ።

ጋሽ ደሳለኝ ወደኔ ዞሩ። "ምን አሉ?"

ያን ጊዜ ነበር መናገር። ጋሽ አይተውታል ያልኩት እኔ ነኝ፣ አላዩትም፣ አፉን ያፈንኩት እኔ ነኝ ማለት። በሱቅ ደንበኛ፣ በካፌ ባለቤት፣ በመምህር ላይ የማይታሰር አፍ ነው ያለኝ። ታሰረ።

"አዝነናል ነው የሚሉት" አልኩ።

"ረጅም ነው እኮ የተናገሩት" አሉ። ሌላ አልጠየቁኝም።

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠው ፕሮግራሙን አስተካክለው ሰሌዳዋ ላይ ጫኑ። በሚቀጥለው ሳምንት ከጸሎት ቤታቸው ሰዎች መሀል አውራ ዶሮ ያለው ቤት ሁሉ እየገቡ እንቁላል ለመኑ፤ እኔ ቅርጫቱን ይዤ ኋላቸው። "ለምንድን ነው ወንድም ደሳለኝ?" ሲሏቸው "አጥፍቼ" ይላሉ፤ እኔ መንገዱን አያለሁ። ቅርጫቱን ሞልተን ዘንገና አደረስን። ከነባሩም ከአዲሱም ጫጩት ወጣ፤ እትዬ ስመኝ ደውለው ጩኸቱን በስልክ አሰሙን።

ጋሽ ያቺን ነገር ዳግም አላነሷትም። ይቆጡኛል፣ ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። በወሩ የክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝ። በፈተናው ፋይል ውስጥ ከተስተካከለው መስመር ጎን "ውርጭን ያላሰበው ደሳለኝ ነው" ብለው በአማርኛ ጽፈዋል። የኔ ስም የለም። በየቀኑ እከፍተዋለሁ፣ በየቀኑ አየዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት "ቀጣይ!" እያሉኝ ከፊታቸው ተቀመጥኩ። የሰው ሁሉ ጉዳይ ተሰማ።

ከዳንግላ ተመልሼ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ስገባ የጸሎት ቤታቸው መዘምራን ይዘምሩ ነበር። በሁለተኛው ቀን የዘንገና ሴቶች መጡ፤ ስምንቱም፣ በእግርም በባጃጅም። አልቅሰው ሲያበቁ ተርታ ይዘው ተቀመጡ። እትዬ ስመኝ አጠገባቸው ላለው ሰው ሲናገሩ ሰማኋቸው። "ጥፋታቸውን በገዛ አፋቸው ሊነግሩን ድረስ የመጡ ሰው ናቸው። ማን እንዲህ ያደርጋል?"

መቀመጥ አልቻልኩም። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። በአውንጊ ነው የተናገርኩት።

"እትዬ፣ ያን ጊዜ ጋሽ አይተውታል ብዬዎት ነበር። አላዩትም። ማሽኑ እንደሚሳሳት የሚናገር ነገር ነበረ፣ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ቸኩዬ።"

እትዬ ስመኝ ቀና ብለው አዩኝ።

"እሳቸው ያውቁ ነበር?"

"ያውቁ ነበር።"

"ያንን ሁሉ ስንሰድባቸው አንቺ ከጎናቸው ቆመሽ ትሰሚ ነበር?"

"እሰማ ነበር።"

"ምን እንዳልናቸውስ ነገርሻቸው?"

"አልነገርኳቸውም።"

"ኋላስ፣ ይቅርታ ጠየቅሻቸው?"

ከድንኳኑ ጫፍ ዝማሬው እንደገና ተነሣ።

"አልጠየቅኋቸውም" አልኩ። "ሁለት ዓመት አብሬያቸው ውዬ አልጠየቅኋቸውም።"

የሚቆጡ መሰለኝ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉና አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

"እኛም አልጠየቅናቸውም" አሉ። "ነይ ተቀመጪ።"